ትሪ ያላስያዟት ሲስተር

«እናታችንን ያጠበችበት እጅ አይደል እንዴ? አሁን በዚያው እጅ በደሞዝ የባዳ ሽንት ልትደፋበት?»

ራሂማ ይህን ስትናገር ነጂባ ጓዳ ውስጥ ፊቷን ታጥባ ፎጣውን ገና ከአገጯ አላነሳችም ነበር። ንግግሩ ለእሷ አልነበረም። የተነገረው መኝታ ቤቱን ዘግቶ፣ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ የሚስቱን ነጭ ጋውን ሲተኩስ ለተያዘው ለባሏ ለጀላል ነው። ጀላል ደሴ ሸዋ በር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሃምሳውን ካለፈ ቆይቷል፤ ነጂባ ካገባችው ጀምሮ ካውያ ይዞ አይታው አታውቅም። በሩን የዘጋውም ከሚስቱ ሊደበቅ አይደለም። ከገራዶ ለዘመድ ለቅሶ መጥታ፣ ለቅሶው ካለፈም በኋላ ሳሎኑ ፍራሽ ላይ ከሰነበተችው ከእህቱ ነው። ራሂማ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የወንድሟን በር አንኳኩታ ገብታ አታውቅም።

ነጂባ የጀላልን መልስ ጠበቀች። የተሰማት ውሃ የተረጨበት ጨርቅ ላይ ካውያው ሲያልፍ ብቻ ነው። ባሏ እህቱን አልተቆጣም፤ ልክ ነሽም አላላትም። ጋውኑን መተኮሱን ቀጠለ። አማቷ ሰውነታቸው አልታዘዝ ብሎ ከወደቁበት ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ያጠበቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው ነጂባ ናት፤ ለዚሁ ብላ የጤና ጣቢያ ሥራዋን ተወች። ያኔ እዚህ ቤት ውስጥ «ሽንት» የሚለውን ቃል የጠራ አልነበረም። ስሙ ሐቅ ነበር፣ ስሙ አጅር፣ ከአላህ የሚገኝ ምንዳ ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ የልጆቿ እኩያ ከሆኑ ተማሪዎች መሀል ተቀምጣ የረሳችውን ስትማር፣ የብቃት ፈተናውን ስትወስድም ማንም ክፉ አልተናገራትም። ይወጣላታል ብለው ሳይሆን አይቀርም። ነገሩ የከበዳቸው ጋውኑ ቤት ውስጥ ከተሰቀለ ወዲህ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ራሂማ አንድ ነገር አታውቅም። ነጂባ ኮምቦልቻ ያለው ክሊኒክ ለሙከራ ከገባች ጀምሮ የማንንም ሽንት ደፍታ አታውቅም። ማን ሊያስደፋት?

ጀላል ጋውኑን አጣጥፎ በፌስታል ይዞ ወጣ። «ኮሌታው ትንሽ አስቸገረኝ» አላት። እሷም ፌስታሉን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ራሂማ ፍራሹ ላይ ተመልሳ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ ነበር። «ደህና ዋይ ራሂማ» ስትላት «አላህ ያግዝሽ» የሚል ድምፅ ከብርድ ልብሱ ስር መጣ። ከልቧ ይሁን አይሁን ለመለየት ፊቷን ማየት ያስፈልግ ነበር።

የጥር ጠዋት ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፤ መናኸሪያው ውስጥ ከሰዎቹ ይልቅ ትንፋሻቸው ቀድሞ ይታያል። ነጂባ ከኋላ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ትወዳለች፤ አንድ ቀን ግን ተቀምጣ አታውቅም። ሹፌሩ እንዳያት ጋቢና የተቀመጠውን ጎረምሳ «ውረድ አቦ፣ እናት ይቀመጡ» አለው። ጎረምሳው ሳያጉረመርም ወረደ። እሷም እንደ ልማዷ መርቃ ገባች፣ ሞተሩ ጉልበቷን እያሞቀው፣ ከፊቷ የተሰቀለው መቁጠሪያ በየመታጠፊያው እየተወዛወዘ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ጀመሩ። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ስለ ቲማቲም ይከራከራሉ። ኮምቦልቻ ይረክሳል አለች አንዷ። «ይረክሳል ብለሽ ለመኪናው ስትከፍዪ ያው ነው» አለች ሌላዋ። «ታዲያ አንቺ ለምን ትወርጃለሽ?» «እኔማ ፀሐይ ልሞቅ ነው።» መኪናው ሁሉ ሳቀ። ነጂባም ሳቀች። የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ዛሬ ነው። ትቀጠር ወይም ትሰናበት የምትለው የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ሸዋዓለም ናት፤ ሸዋዓለም ደግሞ እስካሁን ስለ ነጂባ ክፉም ደግም ተናግራ አታውቅም።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ጋቢዋን አውልቃ ክንዷ ላይ ጣለችው። የሌሊት ፈረቃ የጨረሱ የፋብሪካ ልጆች ዓይናቸውን እያሹ በቡድን በቡድን ያልፋሉ፤ ባጃጆቹ በመሀላቸው ይሹለከለካሉ። ክሊኒኩ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ተኝተው የሚታከሙት ፎቅ ላይ ናቸው፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አልጋዎቹ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም፤ መስኮቱ ሲከፈት የመንገዱ አቧራ፣ ሲዘጋ የአልኮሉ ሽታ ያስቸግራል። ነጂባ ይህን ክፍል ትወደዋለች። ለምን እንደምትወደው ራሷን ጠይቃ አታውቅም፤ ብትጠይቅ ምናልባት አትወደውም።

ችግሩ የጀመረው በመጀመሪያው ቀን ነው። መርፌ፣ ጥጥና ፕላስተር የተደረደረበትን ትሪ አንስታ ወደ አንድ በሽተኛ ስትሄድ፣ ሥራ እንዲያሳያት የተመደበው ወጣቱ ነርስ ሙንዚር ከኋላ ደርሶ ትሪውን ከእጇ ተቀበላት። «እኔ እያለሁ እትዬ?» አላት። የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ዕቃ ይዞ ቆሞ ማየት አይችልም። የእንግድነት ነው ብላ ሰጠችው። በማግስቱም ተቀበላት። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋ ወንበር አመጣችላት፤ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ሻይ ታስልክላት ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ አንዲት እናት ልጇ ከመወጋቱ በፊት «እስቲ ዱዓ ያድርጉልን» አለቻት። በወሎ ምድር ዱዓ የለመነን ሰው እምቢ ማለት አይታወቅም። መዳፏን ዘርግታ «አላህ አፊያህን ይመልስልህ፣ መድኃኒቱን መድኃኒት ያርግልህ፣ የሚወጋህን ልጅ እጁን ያቅናለት» አለች። ልጁ ሳያለቅስ ተወጋ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጇ ወጣ። ጠዋት ዙር ሳይጀመር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በሽተኛውም አስታማሚውም መዳፉን ይዘረጋል፤ ነጂባ ትመርቃለች፤ «አሚን» ይላሉ፤ ከዚያ ሙንዚር ትሪውን ይዞ ይሄዳል፣ እሷ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። እሷ ያልመረቀችው መርፌ ያብጣል የሚል ወሬም ከታች ካለው ፋርማሲ ደርሷል።

ዛሬ ጠዋትም መርቃ ልትቀመጥ ስትል ሸዋዓለም በጣቷ ጠራቻት። ሁለቱ በዕድሜ ብዙ አይበላለጡም። ሸዋዓለም የደሴ ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ስትቆጣም ስትስቅም ፊቷ አይለወጥም።

«ሙከራሽ ዛሬ ያልቃል» አለቻት። «ማታ ለክሊኒኩ ባለቤት መንገር አለብኝ። ምን ልበለው? ጥሩ ሰው ናት? ይኼንንማ እሱም ያውቃል። እጅሽን ግን አላየሁትም። እኔ የቀጠርኩት ሲስተር ነው፣ ነጂባ። ለምርቃቱ ከሆነ እኔም አክስት አለችኝ፤ በነፃ ነው የምትመርቀው።»

ነጂባ ሳቋ መጣና ዋጠችው። «ልሠራ ስል ይቀሙኛል እኮ።»

«አንቺስ ሲቀሙሽ ምን ትያለሽ?»

መልሱን ታውቀዋለች፣ የሚነገር ግን አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ትሪውን ይዛ ስትራመድ፣ አልጋው ላይ የተዘረጋው ክንድ ብዥ ብሎ ታይቷት ነበር። የንባብ መነጽር አላት፤ ደሴ ፒያሳ ከመንገድ ዳር የገዛችው፣ በትምህርቷ ጊዜ ሁሉ ያደረገችው። እዚህ ግን ከልጆቹ መሀል አሮጊቷ መባሉን ፈርታ ሻርፕ ውስጥ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ቀብራዋለች። የሙንዚር እጅ ያን ቀን ትሪውን ሲቀበላት ደስ ብሏታል። በማግስቱም እጇን ቶሎ ለቀቀችለት። ከዚያም ቀጥሎ። አከበሩኝ እያለች ተቀመጠች እንጂ መቀመጡን ማንም አላስገደዳትም። ራሂማ «በዚያው እጅ» ስትል የነጂባ ቆሽት ያረረው ለዚህም ሳይሆን አይቀርም፤ እጁ ምንም እየሠራ አልነበረም።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ ትሪውን አነሳች። አጥብቃ ያዘችው። በሩ አጠገብ የተኙት አያ ኑርሁሴን የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ የእግራቸው ቁስል የሚታጠብበት ሰዓት ነው። እያየቻቸው እግራቸውን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሰበሰቡ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቁስሉን ልጠብልዎት ነው፣ አያ።»

«ወላሂ አታደርጊውም» አሉ ሽማግሌው ቀና ብለው። «አንቺን የመሰለች የቤት እመቤት፣ የጀላል ሚስት፣ የኔን እግር? ጀላል እንዴት አድርጎ ነው ፍሬን ሸራ በዱቤ የሰጠኝ መሰለሽ። ልጁ ይጠበው፣ ዶክተሩ። አንቺ ዱዓሽን ብቻ።»

ዶክተሩ የሚሉት ሙንዚርን ነው፤ እሱም ማረም ትቶታል። እሷ «እጄ ነው የሚያድንዎት፣ ዱዓውን ማታ እናደርሳለን» ብላ ስትለምን፣ ሽማግሌው እግራቸውን እንደ ቤት ቁልፍ ሸሽገው ሲምሉ፣ አስታማሚዎቹ በሁለቱም ወገን ሆነው ሲፈርዱ፣ ትሪው በመሀል ከእጇ ወጥቶ ሙንዚር ዘንድ ተገኘ። እንዴት እንደሄደ እሷም አላየችም። አያ ኑርሁሴን መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቋት። መረቀቻቸው፤ ምን ታድርግ።

ምሳ ሰዓት ሙንዚርን ጓሮ ካለው የውሃ ታንከር ስር አገኘችው፤ እንቁላል በዳቦ እየበላ ነበር፤ ሲያያት ዳቦውን ይዞ ተነሳ። «ተቀመጥ» አለችው። አልተቀመጠም። «ዛሬ ማታ ልባረር ነው። አንዲት መርፌ ስወጋ አልታየሁማ። የምታስቀምጠኝ አንተ ነህ።»

የልጁ ፊት ተለወጠ። «እኔ? እኔ እኮ እያገዝኩዎት ነው የመሰለኝ። እትዬ፣ እናቴ እርስዎ ቆመው እኔ ተቀምጬ ብታየኝ ዳቦ ሁለተኛ አትሰጠኝም።»

«እናትህ እዚህ አትሠራም።»

«አትሠራም» አለ፤ ግን ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። «እሺ፣ ወላሂ አልነካም። ግን እጄን ምን ላድርገው? ብቻውን ነው የሚሄደው።» የምሩን ነው። ነጂባ ከማዘን ይልቅ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ የራሷን ነገር፣ ትሪውን ስትለቅ ደስ ይላት እንደነበር ግን አልነገረችውም። የሚያምናትም አይመስላትም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የፋብሪካ ልጅ በጓደኛዋ ተደግፋ ገባች። ኢስራ ትባላለች፤ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምትሠራው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲያስመልሳት አድራ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ አፏ ግን አልደከመም። ሐኪሙ አይቷት ግሉኮስ ይሰካላት አለ። ሸዋዓለም ከሐኪሙ ጋር ገብታ ነበርና በሩን ተደግፋ ቀረች። ነጂባ ትሪውን አነሳች። የሙንዚር እጅ ብቻውን ሄዶ በሌላው ጫፍ ያዘው። እሷ ሳበች፤ እሱም ባለማወቅ ሳበ፤ ጥጡ ከትሪው ወደቀ።

«ተስማሙና ንገሩኝ» አለች ኢስራ ከትራሱ ላይ። «ማነው የሚወጋኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች ነጂባ።

ልጅቷ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ማዘር፣ አንቺ ዓይንሽ ያያል?»

አስታማሚዎቹ አጉረመረሙ። አያ ኑርሁሴን ከበሩ አጠገብ «አስተግፊሩላህ» አሉ። የኢስራ ጓደኛ «አንቺ ባለጌ» ብላ ትከሻዋን ጎነተለቻት። ሙንዚር ራሱ የተሰደበ ይመስል ቀላ። ነጂባ ግን ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ ሰው በሥራዋ የጠረጠራት ያህል ተሰማት፤ መጠርጠር ደግሞ የሠራተኛ ነው፤ ዱዓ አድራጊን ማን ይጠረጥራል?

«በደንብ አያይም» አለቻት። «ቆይ መነጽሬን ላምጣ።»

ወደ ቦርሳዋ ሄደች። ሻርፑን ፈታ መነጽሩን ሰው ሁሉ እያየ አደረገችው። ክፍሉ ድንገት ቀረባት፤ የአልጋው ብረት ዝገት፣ የኢስራ ጥፍር ላይ ያለቀ ሂና፣ የሙንዚር ጋውን ላይ የእንቁላል ጠብታ። ጓንቷን አጠለቀች፣ ላስቲኩን ክንዷ ላይ አሰረችላት፣ በአልኮል ጠረገች፣ ወጋች። ሳተችው። ደሙ አልመጣም፤ መርፌውን አውጥታ ጥጥ ጫነችበት።

«አላልኩም?» አለች ኢስራ።

«ብለሻል።»

ሙንዚር ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ሸዋዓለም ከበሩ ላይ ዓይኗን ብቻ አዞረችበት፤ እጆቹን ከወገቡ ኋላ አቆላለፈ። የነጂባ ግንባር ላይ ላብ ወጣ፣ መነጽሩ አፍንጫዋ ላይ ተንሸራተተ። ቤቷ ብትሆን አሁን የምትቀመጥበት ወንበር የት እንዳለ ታውቃለች፤ እዚህም ታውቃለች፣ ከኋላዋ ነው። አልዞረችም። ላስቲኩን ፈትታ በሌላው ክንድ አሰረች፤ አዲስ መርፌ ከፈተች። «ጨብጪ» ስትላት ልጅቷ ጨበጠች። በጣቷ ጫፍ ቀስ እያለች ፈለገች። ደም ስሩ ውሃ ያጣ ሰው ደም ስር ነው፤ ቀጭን ነው፣ ይሸሻል። አገኘችው፣ ጠፋባት፣ መልሳ አገኘችው። «ስንት ዓመትሽ ነው?» አለቻት። «ለጋብቻ ነው?» አለች ኢስራ፤ «ልጅ ካለሽ ግን ዓይኑ ደህና ይሁን።» ጓደኛዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። ደሙ በመርፌው ፕላስቲክ ውስጥ ብቅ አለ። ነጂባ ፕላስቲኩን ትታ መርፌውን ስባ አወጣች፣ ላስቲኩን ፈታች፣ ፕላስተሩን ለጠፈች፣ ግሉኮሱን ገጠመች፣ ጠብታው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

«እና መቼ ነው የምትወጊኝ?» አለች ኢስራ።

«ጨርሻለሁ።»

ልጅቷ ክንዷን አየች፣ ጠብታውን አየች። «ይሄኛው ደህና ነው» አለች። የኢስራ ጓደኛ እፎይ ብላ መዳፏን ዘርግታ ወደ ነጂባ ዞረች፤ ወሬውን ፋርማሲው ዘንድ ሰምታ ሳይሆን አይቀርም። ነጂባ የወደቀውን ጥጥ እያነሳች «ዛሬ አንቺው አድርጊላት፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለቻት። ይህን ብላ ሳትጨርስ ኢስራ ሆዷን ይዛ ቀና አለች፤ ነጂባ ሳህን አቀረበችላት፣ ግማሹ ሳህኑ ውስጥ፣ ግማሹ ጋውኗ ላይ አረፈ። ኢስራ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረች። «ይቅርታ፣ ማዘር።» ነጂባ ጀርባዋን እያሸች «አብሽሪ፣ ይውጣ» አለቻት። ሳህኑን ራሷ ይዛ ወጣች፣ ራሷ ደፍታ አጠበችው። ኮሪደሩ ላይ ስትመለስ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ እያንጎራጎረች ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሰዓት ሮጠ። ለአንዱ ሙቀት ለካች፣ ለሌላው አንሶላ ቀየረች፣ አንዲት ወላድ ደግፋ ሽንት ቤት አደረሰች። አያ ኑርሁሴን ሲያዩዋት ቆይተው እግራቸውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥተው «ነገ የሚያጥበኝ ማነው?» ብለው ጠየቁ። «የመጣው» አለቻቸው። «እንግዲያስ መነጽርሽን አድርጊ» አሉ፤ ተሸናፊነታቸውን በዚያ አስታወቁ። ሸዋዓለም ግን ከበሩ ላይ ሄዳ አልተመለሰችም። ፀሐይ ወደ ሌላው ሕንፃ ዞራ የመስኮቱ ጥላ አልጋዎቹ ላይ ሲረዝም ነጂባ በሩን ደጋግማ ታይ ጀመር። አንድ መርፌ ስታለች። ሸዋዓለም ያየችው የሳተችውን ሊሆን ይችላል፤ የሰው ዓይን የሚያስቀረውን ማን ያውቃል?

መውጫ ሰዓት ሲቃረብ ሸዋዓለም ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች። ሙንዚርና ነጂባ ለማታ ተረኞች የሚያስረክቡትን እያዘጋጁ ነበር። ሙንዚር ከክፍሉ በር ውጭ ካለው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ይጽፋል፤ ነጂባ አጠገቡ ሌላ ወንበር ላይ ናት። ሸዋዓለም ሁለቱንም አላየችም፤ ወደ መስኮቱ ነው ያየችው።

«የጥምቀት ዋዜማና ጥምቀት ማን ይገባል?» አለች።

በዚህ ክፍል የሙስሊሙን በዓል ክርስቲያኖቹ፣ የክርስቲያኑን ሙስሊሞቹ ይሸፍናሉ፤ የተጻፈ ደንብ የለም፣ ሲሆን የኖረ ነው። ሙንዚር ብዕሩን አኖረ። «ባለፈው ገና እኔ ነበርኩ፣ ሲስተር። መስከረም ላይም ደመራን...»

«አንተን አልጠየቅኩም። የማታው ተረኛ ጸጋው ታቦት ይሸኛል፣ እኔም ደሴ እወጣለሁ። ነጂባ ሁለቱንም ቀን ትገባለች። ዋዜማው ሌሊት ነው፣ ይበርዳል። አዲስ ሠራተኛ በዓል አይመርጥም።»

ነጂባ የሰማችውን በአእምሮዋ ደገመችው። ጥምቀት የሚውለው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። «ሠራተኛ» አለች? አለች። ሸዋዓለም ኮሪደሩን አጋምሳለች፤ ከዚያ ሳትዞር «ላስቲኩን ደግሞ ረጅም ጊዜ ታቆዪዋለሽ፣ ቶሎ ፍቺው» አለች፤ የጫማዋ ድምፅ በደረጃው ወረደ።

ነጂባ መነጽሯን አውልቃ በጋውኗ ጫፍ ጠረገችው፤ ከትውከቱ ያጠበችው ጋውን እርጥብ ስለነበር ጭራሽ አጨቀየችው። በመሀል ከክፍሉ ውስጥ የኢስራ ድምፅ መጣ። «ሲስተር፣ ይሄ ነገር አልቋል መሰለኝ።»

ሁለቱም ብድግ አሉ። ሙንዚር ቆሞ ነጂባን አያት፣ ወንበሩን አየ፣ እንደገና ነጂባን አየ። ከዚያ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ዶሮ እንዳይረብሽ የሚጠነቀቅ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ተረከዙ ከጠረጴዛው ስር ወለሉን ይደበድባል፤ ጆሮው ቀልቷል። ግን ተቀምጧል።

«ይኸው» አለ ብዕሩን አንስቶ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «ይሂዱላት እንግዲህ። እኔ ተቀምጫለሁ።»

ነጂባ ሄደች።